ለማያውቁት ሰው አይለቀስም

ሆሳዕና፣ እኛ ሰፈር በነበረው ቪዲዮ ቤት፣ ከስክሪኑ የማይጠፋ አንድ አሜሪካዊ ተዋናይ ነበረ። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ፊቱን ግን ከአንዳንድ አጎቶቻችን ፊት ይልቅ አጥርተን እናውቀው ነበር። አፍንጫው ወደ አንድ ወገን የተጣመመ፣ ቅንድቡ የጎፈረ፣ ሲስቅ እንኳ የተቆጣ የሚመስል ሰው ነው። ዋና ተዋናይ ሆኖ አያውቅም። አንድ ጊዜ የወንበዴው አለቃ ሹፌር፣ ሌላ ጊዜ የእስር ቤት ዘበኛ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «እኔ ምንም አላየሁም» የሚል ባለ ሱቅ ሆኖ ብቅ ይላል። ብቅ ካለ መሞቱ አይቀርም። ስለዚህ ገና ፊቱ ሲታይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተፋፍገን የተቀመጥነው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ነፍስ ይማር!» ብለን እንጮኻለን። እሱም አሳፍሮን አያውቅም። ብዙ ሳይቆይ ከፎቅ ይወድቃል፣ ወይ ጥይት ያገኘዋል፣ ወይ ከነመኪናው ይፈነዳል። ዋናው ተዋናይ ሬሳውን ዘሎት ይሮጣል፤ የእኛም ልብ አብሮ ይሮጣል።

አሁን የምኖረው ጆሀንስበርግ ነው። ቴምቢሳ ውስጥ ከእህቴ ባል ጋር ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለን፤ በብረት ፍርግርጉ መሀል ዳቦ፣ ወተት፣ የስልክ ካርድ እናቀብላለን። ስለ ፊልም ማውራት ስጀምር የእህቴ ባል «አንተ ሰውዬ፣ ዳቦው አልቋል እኮ» ይለኛል። አይፈረድበትም። እኔን ግን ያሳደገኝ ግማሹ ቤተሰቤ፣ ግማሹ ያ ቪዲዮ ቤት ነው። ቤት ውስጥ ሀዲይኛ ተናገርኩ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ለመድኩ፣ እንግሊዝኛን ከወንበዴዎች ተማርኩ።

ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ነጎድጓድ በሚሆንበት ወራት፣ ዕቃ ልጭን መሀል ከተማ፣ ጄፒ ከሚሉት ሰፈር ሄጄ ነበር። የሐበሻ ሱቆች ፎቅ በፎቅ በተደራረቡበት ሕንፃ ውስጥ አንዲት ደቡብ አፍሪካዊት ወጣት ስልኳን ይዛ በየበሩ ትገባለች። ለፊልም የሐበሻ ፊት ትፈልጋለች። ታሪኩ የሚሆነው በእኛ አገር በኩል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው፤ ቀረጻው ግን እዚሁ። አስተርጓሚም ይጎድላታል። ገና «ፊልም» ከማለቷ «እኔ አለሁልሽ!» አልኳት። ተዋንያኑን በስልኳ ታሳየኝ ጀመር። ጣቷ አንደኛው ፎቶ ላይ ሲያርፍ ልቤ ጮቤ ረገጠች። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ጉንጩ ወርዷል፤ አፍንጫው ግን ያው ነው።

«ነፍስ ይማር!» አልኩ፣ ጄፒ መሀል፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

«ውይ! ማን ሞተ?» አሉ ከጎን ያሉት በርበሬና ነጠላ ሻጭ፣ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። ጎጃም ተወልደው እዚህ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። በዚህ ከተማ የሞተ ሐበሻ፣ እሳቸው ሙሾ ሳያወርዱለት ሬሳው አውሮፕላን አይሳፈርም። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በእኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ የሚዘመረው መዝሙር ነው። ያም ሆኖ እማማ ሲያለቅሱ ቆሞ የሰማ ሰው ጴንጤነቱን ለጊዜው ኪሱ ውስጥ ያደርገዋል።

ማንም እንዳልሞተ፣ ይልቁንም በፊልም የሚሞት ሰው እንደመጣ ነገርኳቸው። ወጣቷም ይህን ስትሰማ ፊልሙ ውስጥ የቀብር ትዕይንት እንዳለና ለቀስተኛ እንደምትፈልግ አስረዳች። እማማ ጥቂት አሰቡና «ለቅሶ ከሆነ እንመጣለን» አሉ። ለቅሶ የተጠራ ሰው እንዴት ይቀራል?

በቀኑ ገና ሲነጋ ታክሲዎች ቤሪያ ከሚባለው ሰፈር ጫኑን። ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ድሮ ወርቅ ሲወጣበት የተከመረው ቢጫ አፈር ሥር፣ አንድ ሙሉ ከተማ ተሠርቶ ጠበቀን። ከፊት ሲያዩት ሻይ ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ነው፤ ዞረው ከኋላ ሲያዩት ጣውላና ምስማር። እኔ ከፊትም ከኋላም እየዞርኩ አየሁት፤ ደስታዬ መቀመጫ ነሳኝ። ሰዎቻችን ከየሰፈሩ መጥተዋል። የጄፒ ነጋዴ አለ፣ የአሌክሳንድራ ባለ ስፓዛ አለ፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አለ። እማማ ከሴቶቹ ፊት ፊት ይመጣሉ። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች አንድ ትልቅ ድስት ግራና ቀኝ ይዘዋል።

«ምንድነው እሱ?» አለች ያቺው ወጣት። የዳይሬክተሩ ረዳት ናት፤ አንገቷ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ ተንጠልጥሏል።

«ንፍሮ ነዋ» አሉ እማማ። «ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ?»

ስንዴና ባቄላ አብሮ ተቀቅሎ ለሐዘንተኛ የሚቀርብ እህል መሆኑን ተረጎምኩላት። ለትዕይንቱ የመጣ ዕቃ መሰላት መሰለኝ፣ «ኢሽ፣ ግሩም ነው!» ብላ ፎቶ አነሳችውና ወደ ዕቃ ክፍል ይግባ አለች። እማማ ድስቱን አልሰጡም።

እሱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጥላ ሥር ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ በረዶ ይዟል። የለበሰው የታሪኩን ሰው ልብስ፣ አሮጌ ኮት ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ እኛ አገር መጥቶ የውኃ ሞተር ሲጠግን ያረጀና እዚያው የሞተ አሜሪካዊ መካኒክ ነው። በልጅነቴ «እሱ» ያልኩትን ሰው «እሳቸው» ማለት እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ሮጬ ሄድኩና ስለ ቪዲዮ ቤቱ፣ ስለ አግዳሚ ወንበሩ፣ ስለ «ነፍስ ይማር» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩለት። ከተናገርኩ በኋላ ይቆጣል ብዬ ደነገጥኩ።

እሱ ግን እስኪያስለው ሳቀ። «ገና ሳልሞት ነው ነፍስ ይማር የምትሉኝ?»

«ገና ፊትዎ ሲታይ!»

«ጎበዝ ተመልካቾች ናችሁ» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረኝን አልረሳውም። ይህ የመጨረሻ ሥራው ነው፤ ጉልበቱ አልቋል፣ ነገ ወደ አገሩ ይበራል። ዕድሜ ልኩን ሲሞት ኖሯል፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ራሱም አያውቀውም። አንድም ፊልም ግን ከሞተ በኋላ አብሮት ቆይቶ አያውቅም። ካሜራው ሁልጊዜ ከዋናው ተዋናይ ጋር ይሄዳል። «ይኸኛው ይቀብረኛል» አለ። «ፊቴን ያሳያል፣ ሰዎች ቆመው ያለቅሱልኛል። ትዕይንቷ ጽሑፉ ላይ አንድ ገጽ አትሞላም። ለእሷ ስል ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት።»

ለዚያች ገጽ የነበረን ጊዜ ያቺ ከሰዓት ብቻ ናት። የጣውላው ከተማ በማግስቱ ይፈርሳል። የጆሀንስበርግ ሰማይ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጠዋት እንደ መስተዋት ጠርቶ ይውልና ከሰዓት ላይ ጥቁር ደመና ይቆለላል፣ ከዚያ መብረቅና በረዶ ነው። ዳይሬክተሩ ቀጭን ወጣት ነው፤ አንድ ዓይኑ እኛ ላይ፣ ሌላው ሰማዩ ላይ ነበር። ዝናብ ከቀደመን ቀብሩን ሰርዞ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደሚያልፈው ለረዳቷ ሲነግራት ሰማሁ። ሽማግሌው ተዋናይም ሰምቷል።

ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ሽማግሌውን ቃሬዛ ላይ አስተኙት። እስከ ደረቱ ነጭ ጋቢ አለበሱት፤ ፊቱ ተገልጧል። እኔ ከቃሬዛው ተሸካሚዎች አንዱ ነኝ፣ በራስጌው በኩል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዙሪያውን ቆሙ። «አክሽን!» ተባለ።

ማንም ትንፍሽ አላለም።

ካሜራው ይዞራል፣ ሴቶቹ እማማን ያያሉ፣ እማማ ሽማግሌውን ያያሉ። «ካት!» አለ ዳይሬክተሩና ወደኔ መጣ። «ምነው? ማልቀስ እንዳለባቸው አልነገርካቸውም?»

ነግሬያቸዋለሁ። ዞሬ እማማን ጠየቅኋቸው።

«ማነው ሟቹ?» አሉኝ።

«የውኃ ሞተር የሚጠግን ሰው ነው፣ እማማ። ከተማውን ውኃ ያጠጣ።»

«እሱማ የለም፣ ልጄ። የሌለ ሰው እንዴት አድርጌ ላልቅስ? ይኼ የተኛውን ነው የምልህ። የማን ልጅ ነው? ምን ሲሠራ ኖረ? ማን አለው? የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ ለማያውቁት ሰውም አይለቀስም።»

ይህን እንዴት አድርጌ እንደምተረጉመው ጨነቀኝ። ዳይሬክተሩ እንባ የሚያመጣ ጠብታ አለ፣ ዓይናቸው ላይ ይደረግ አለ። ያንን ስተረጉም ሴቶቹ ተንጫጩ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ የእኔው ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ «እንግዲያው መዝሙር እንዘምር፣ ሙሾ ድሮም አያስፈልግም» ብሎ ጨመረበት። «አንተ ደግሞ እሳት ላይ ጋዝ አታርከፍክፍ!» አልኩት። አንዲት ሴት በበኩሏ የሬሳ ፊት እንዴት ይገለጣል፣ እኛ አገር ሬሳ ተገንዞ ነው የሚወጣ ብላ ሌላ ክርክር ከፈተች። እማማ «ይሁን፣ የእነሱ ወግ ይሆናል» ብለው ይህን አሳለፉት። የመጀመሪያውን ጥያቄያቸውን ግን አልተዉም። ደመናው ከአፈሩ ክምር ጀርባ መነሳት ጀምሯል።

ሽማግሌው ቃሬዛው ላይ ቀና አለ። «ምንድነው ችግሩ?»

አፌ ውስጥ ሳላላምጠው ነገርኩት። «ሕይወትዎን ሳያውቁ ማልቀስ አይችሉም።»

ከዚያ እግሩን ከቃሬዛው አወረደና ተቀመጠ። «ምን ማወቅ ይፈልጋሉ?»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አይቶ ጥቂት ደቂቃ ፈቀደ። ሴቶቹ አሸዋው ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ። በሕይወቴ ብዙ ተርጉሜያለሁ፤ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሐኪም ቤት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሰልፍ ላይ። እንደዚያ ቀን ደስ እያለኝ ግን ተርጉሜ አላውቅም። ቪዲዮ ቤት ሳለን ማንም ያልጠየቀውን ነበር እማማ የጠየቁት።

አባቱ ማን ነበረ? በቆሎ በሚበቅልበት ሜዳማ አገር የሚኖር የወተት ገበሬ። አፍንጫውን ማን ሰበረው? ይህን እኔ ነኝ ከራሴ ጨምሬ የጠየቅሁት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሽጉጥ ሰደፍ ይመስለኝ ነበር። ላም ናት። በልጅነቱ ሲያልብ ረግጣው ነው። ስተረጉመው ሴቶቹ ሳቁ፤ ጎጃሜዋ እማማ ግን ከሁሉም በላይ ሳቁ፣ ላም የሚያልብ አሜሪካዊ አግኝተው ዘመድ ያገኙ መሰሉ። «ልጄ፣ ታልብ ነበር በለው! እኔም አልብ ነበር!»

ከዚያ ወዲያ ወሬው ራሱን ቻለ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበረ። አንድ ቀን ለቀረጻ የሚሄዱ ሰዎችን ጭኖ ሄደና እሱ መኪናው ውስጥ ሲያንቀላፋ የፊልሙ ሰዎች አፍንጫውን አይተው ቀሰቀሱት፤ ዘበኛ የሚሆን ሰው ጎድሏቸው ኖሯል። በዚያው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተወግቶ ሞተ። አውቶቡሱን ግን ለብዙ ዓመት አልተወም፤ በፊልም እየሞተ ተማሪ ያመላልስ ነበር። ልጆቹ ጠዋት ሲሳፈሩ «ትናንት በቴሌቪዥን ሞተህ አየንህ» ይሉታል። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሞት ያለቀለት ሥራ እንዳለው ነገረን፤ የፍራሽ ማስታወቂያ ነው፤ እዚያም ተኝቶ ነው። ሴቶቹ እጅ ለእጅ እየተማቱ ሳቁ። ከካሜራው ጀርባ ያሉት ሠራተኞች ሳይቀሩ ቀስ በቀስ ተጠግተው ሲሰሙ አየሁ።

«ክፉ ሰው ሆኖ ሲጫወት ሰው አይጠላውም?» አሉ እማማ።

«አንዲት ሴት ገበያ ላይ በጥፊ መታችኝ» አለ። «በፊልሙ ዋናውን ተዋናይ ስለከዳሁት። እኔ ግን ለቤቴ ወተት ልገዛ ነበር የሄድኩት።»

«ሚስትስ?»

ስተረጉምለት ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ። ስሟን ነገረን። የሱን ፊልም ስታይ እሱ የሚሞትበት ቦታ ሲደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ትወና መሆኑን እያወቀች፣ እሱ ከጎኗ ተቀምጦ እንኳ። ከዚያ «አለቀ?» ትለዋለች። እሱም «አለቀ፣ ግለጪ» ይላታል። የሞተችው እሱ ሩቅ አገር ቀረጻ ላይ ሳለ ነው። ሲደርስ ተቀብራ ነበር፣ ሰዉ ተበትኖ ነበር፤ ቤቱ ገብቶ ሻንጣውን አስቀመጠ፣ አለቀ። ልጅ የላቸውም። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ነገረኝ። በጨዋነት ነው ዝም የሚሉት አለ።

እማማ የሚስቱን ስም ሁለት ጊዜ ለራሳቸው ደገሙት። ከዚያ ተነሱና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «በል ይተኛ» አሉ። «አሁን አወቅነው።»

ሲጀምሩ ምን ልበላችሁ! ጠጉሬ ቆመ። እማማ ደረታቸውን እየደቁ ያወርዳሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፤

የገዳይ ጓደኛ፣ የወንበዴ አሽከር፣
ቤቱ ሲገባማ ምን ያለ ሰው ነበር!

ወንድ አልደፈረውም በዚህ ሁሉ ዓለም፣
ፊቱን የሠራችው አንዲት ያባቱ ላም።

ሴቶቹ ቅድም በሳቁበት ላም አሁን አለቀሱ። መዝሙር ይሁን ያለው የቤተ ክርስቲያኔ ሰው ቃሬዛውን ተሸክሞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔም እያለቀስኩ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ አላውቅም፤ የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ካሜራው ዞሮ ዞሮ ወደ ሽማግሌው ፊት ተጠጋ። እሱም እንዴት አድርጎ ነው የሚሞተው! ሲተነፍስ እንኳ አይታይም፤ ይህን ሲሠራ ነው የኖረው። በዚህ መሀል እማማ የሚስቱን ስም በረጅሙ ጠሩ፤

ሞቱን ላለማየት ዓይኗን የጨፈነች፣
ቀድማ ሄዳ ኖሯል ደጁን የጠረገች።

ሙሾው በማያውቀው ቋንቋ ነው። አንዲት ቃል ግን ያውቃል። ከተከደነው ዓይኑ እንባ ወጥቶ ወደ ጆሮው ወረደ። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ከዚያ አገጩ ተንቀጠቀጠ።

«ካት!» አለ ዳይሬክተሩ፤ ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረበትም፣ እሱም አፍንጫውን ይጠርግ ነበር። ሬሳ ሲያለቅስ የሚያሳይ ፊልም የለም። ነጎድጓዱ አንድ ጊዜ ጮኸ። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ለአንድ ቀረጻ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ተንበርክኮ ሽማግሌውን አነጋገረው፤ እኔ ራስጌው ላይ ስለነበርኩ ሁሉንም ሰማሁ። የሚስቱ ስም ይቅርና የቀረው ሙሾ እንዳለ ይሁን አለ።

እማማን ጠየቅኋቸው። እልኸኛ ሴት አይደሉም። «የሐዘኑ ባለቤት እሱ ነው። ተዪ ካለኝ እተወዋለሁ» አሉ።

ይህንን ለሽማግሌው ነገርኩት። ጋቢው ውስጥ ተጠቅልሎ ሰማዩን ያያል። አንዲት ቃል ቢያስወጣ የጠበቃት ገጽ ትሳካለት ነበር። ፊቱ በስክሪን ሙሉ፣ ሰው ከቦት እያለቀሰ፣ ካሜራው ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳይሄድበት። በውስጤ «እሺ በል፣ እሺ በል» እያልኩ ነበር። ያንን ፊት ሆሳዕና ያሉት ሁሉ እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር።

«ቅድም ያቺ ሴት ፊትን ስለ መሸፈን ነው የተከራከረችው?» አለኝ።

«አዎ። በእኛ ወግ ሬሳ ይሸፈናል።»

«እንግዲያው ሸፍኑኝ» አለ። «ስሟን ግን እንዳትተዉት።»

ዳይሬክተሩ ሊከራከረው አፉን ከፈተ። ፊቱ ካልታየ ማንም ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ ነው የመጣኸው አለው። ሽማግሌው ዓይኑን ከሰማዩ ሳያነሳ «አውቃለሁ» አለ። እኔ እውነቱን ለመናገር ተናደድኩበት። ዕድሜ ልክህን ጠብቀህ፣ አሁን? እማማ ግን ተርጉምልኝ እንኳ አላሉም። የገዛ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ቀስ አድርገው፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ አለበሱት።

ዳግመኛ «አክሽን!» ተባለ። እማማ ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ወንበዴውን፣ ላሟን፣ አውቶቡስ ተሳፋሪ ልጆቹን። ወደ ሚስቱ ሲደርሱ ስሟን አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግመው ጠሩት። ከነጠላው ሥር ምን እንደሆነ ካሜራው አያውቅም። እኔ ግን ራስጌው ላይ ነኝ፤ ጨርቁ ዓይኑ ላይ ረጥቦ አየሁ፣ ቃሬዛው በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ተሸካሚዎቹ ሁላችን እኩል ማልቀስ ስለጀመርን መንቀጥቀጡ የማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። እማማ ደመናውን ቀና ብለው አዩና ጨረሱት፤

ሲሞት ሲሞት ኖሮ ማንም ሳያለቅስ፣
ዛሬ ሰው አገኘ እንባ የሚያፈስ።

«ካት!» አለ ዳይሬክተሩ። ሆነ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ፣ ረዳቷ ጮኸች፣ እኔም ቃሬዛውን መሬት ካሳረፍን በኋላ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አፈሩ ላይ መውደቅ ሲጀምሩ ሁሉም ካሜራውን ለመሸፈን ተሯሯጠ።

ሐበሾቹ ግን አልሮጥንም። ለቅሶ «ካት» ስለተባለ አያልቅም፤ የሚቀር ነገር አለው። ሽማግሌው ነጠላውን ከፊቱ አንስቶ በእኔ ክንድ ተደግፎ ቆመ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሴቶቹም ወንዶቹም በዝናቡ ውስጥ ተሰልፈው ወደሱ መጡ። እማማ ቀድመው መጡና እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አልሰማንም ነበር፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉት።

ቀጣይዋ ሴት መጣች። «አልሰማንም ነበር፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።» ከኋላዋ ሌላዋ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኔ ሰው፣ ከዚያ የአሌክሳንድራዎቹ።

ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ ወደኔ ዞረ። «ምንድነው የሚሉኝ? የሞትኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ማንን ነው የሚያጽናኑት?»

«ስለ ባለቤትዎ ነው» አልኩት። «መሞቷን ዛሬ ነው የሰማነው፤ ዘግይተን ስለደረስን ይቅርታ እየጠየቁ ነው።»

ክንዴን ለቀቀ፣ ኮቱን አስተካክሎ ቆመና የሚቀጥለውን ሰው እጅ ተቀበለ።